የጤና መድን ደብተሬን ያስደጎስሁ ለታ

እናንተ የተማራችሁት «አሳድሱ» ስትባሉ ምን እንደምታደርጉ አላውቅም። እኔ ግን ያደረግሁትን አድርጌያለሁ። የቢቸና ሰው ስቆብኝ ጨርሷል፤ ያልሰማችሁ ደግሞ ሳቁ ብዬ ነው የምጽፈው። ሳቅና እንጀራ ሲያድር ይደርቃል።

ብቻ ከመሳቃችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ። እዚህ አገር ተወልዶ እዚህ አገር የሸበተ ሰው «መጽሐፉ ይታደስ» ሲባል በልቡ የሚመጣለት አንድ ነገር ነው። ቆዳው የተላጠ፣ የእንጨት ገበታው የተሰነጠቀ፣ ጥራዙ የላላ መጽሐፍ ወደ ደጓሽ ይሄዳል። ደጓሹ ፈትቶ ይጠርዘዋል፤ አዲስ ቆዳ ያለብሰዋል፤ በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ያትምበታል። በቃ፣ መጽሐፉ ታደሰ። ማሳደስ ማለት ወረፋ ይዞ ማኅተም ማስመታት ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ነግሮኝም ቢሆን ጆሮዬ ዘንድሮ ከሚነገረው ግማሹን ነው የሚያስገባው፤ ግማሹን ደጅ ያስቀረዋል።

ትምህርቴም አጭር ነው። ፊደል ቆጠርሁ፣ አቡጊዳ አልሁ፣ መልእክተ ዮሐንስ ጀመርሁ። ዮሐንስ መልእክቱን ነግሮኝ ሳይጨርስ አባቴ ለእርሻ ፈለገኝ። እስከ ዛሬ ቀሪው መልእክት ምን እንደነበር አላወቅሁም። ምናልባት «ማሳደስ ማለት ማኅተም ማስመታት ነው» የሚል ይኖርበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴን አንጓችን ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። መጀመሪያ መርፌ ማየት አቃታት፤ ቀጥሎ መርፌ የያዘውን ሰው። እሷ ግን አታምንም። «ብርሃኑ ነው እንጂ እኔ ምን ሆኛለሁ» ትላለች፤ ጠዋት ሲሆን ብርሃኑ በዛ፣ ሲመሽ ብርሃኑ አነሰ። ባለፈው ክረምት የጎረቤት አህያ ደጃፋችን ላይ ቆማ ብታገኛት «ምነው ቆማችሁ፣ ግቡ እንጂ» ብላ ጋበዘቻት። አህያዋም ገባች። ከዚያ ወዲህ ነው ሐኪም ቤት ለመሄድ እሺ ያለችኝ።

የእኛ ሐኪም አይቷት፣ ሞጣ ሄዳ ሞራው እንዲገፈፍላት የሪፈር ወረቀት ጻፈልን። ቀጠሮው ለሰኞ ሳምንት። ስንወጣ ነርሷ ከኋላዬ ተጣራች፦ «አባባ፣ የመድን ደብተርዎ የታደሰ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ እዚያ አያስተናግዱዎትም!» «ይታደሳል ልጄ» አልኋት። ምን ችግር አለው? ደጓሽ ወዳጅ አለኝ።

ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ስለገባ የእድሳቱ ወር ነበር። በማግስቱ አንድ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸች በሰፈራችን አለፈች፦ «የጤና መድን ደብተራችሁን እስከ ዓርብ አሳድሱ! ያላሳደሰ አባልነቱ ይቋረጣል!» እኔም ደብተሬን ከሳጥን አውጥቼ አየሁት። አንዱን ማዕዘን አይጥ በልቶታል። ሽፋኑ ወልቆ የት እንደገባ አይታወቅም። መሀሉ ላይ ዘይት ፈስሶ የአንጓች ፎቶ ከብርጭቆ ውስጥ የምታይ አስመስሏታል። «እውነታቸውን ነው፤ ይህስ እድሳት ያሻዋል» አልሁ። እንዲያውም መንግሥት የእኔን ደብተር ሳጥን ውስጥ እንዳለ እንዴት አወቀው ብዬ ተደነቅሁ።

ሰኞ ማለዳ ደብረ ወርቅ ወረድሁ። ወዳጄ መሪጌታ ይሄይስ ቅኔ አስተማሪ ነው፤ እጁ ግን ከአፉ አይተናነስም፤ አርባ ዓመት መጽሐፍ ሲደጉስ ኖሯል። የአንጓችን ውዳሴ ማርያም በቀይ የፍየል ቆዳ የደጎሰላት እሱ ነው። ያችን መጽሐፍ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ ትመጣለች። ስፋቷ ልክ እንደ ደብተሬ መዳፍ ያክላል። ሽፋኗ ሲገለጥ ከመጀመሪያው ቅጠል ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል። አንጓች ማለዳ ማለዳ ሽፋኑን ትገልጥና ሥዕሉን ሦስት ጊዜ ትሳለማለች፤ ከዚያ ከድናው ጸሎቱን በቃሏ ትወጣዋለች። ዓይን ኖራትም አልኖራትም ለእሷ ያው ነው።

መሪጌታ ደብተሬን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው።

«ይህ የማን ድርሰት ነው?»

«የመንግሥት።»

«ምን ይላል?»

«ብትታመም ትድናለህ ይላል።»

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አነበበ። «‹የጤና መድን›። አየህ፣ አንዲት ኅ ጎደለችው እንጂ መድኅን ነበር። መድኅን ማለት አዳኝ ነው። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ እርቃኑን ይሂድ? ነውር ነው!»

«ለዚህ እኮ ነው ያመጣሁት» አልሁ፣ የስሙን ነገር ቀድሜ የማውቅ ይመስል።

መቼም ወዳጅ ሲሠራልህ አትቸኩል። እሱ ዘንድ አደርሁ። ጥራዙን በጅማት ሰፋው፤ ከዋንዛ ገበታ ጠረበለት፤ ቀይ ቆዳ አለበሰው፤ ፊትና ጀርባውን መስቀል አተመበት። እንደ ሥርዓቱ የመጀመሪያውን ቅጠል በስንዴ ሙጫ ከገበታው ጋር አጣበቀው። ሁለተኛው ቅጠል ላይ «የጤና መድን» የሚለው እንደገና ተጽፎ ነበርና ብዕሩን ቀይ ቀለም ነክሮ በመ-ድ እና በን መካከል፣ ከላይ፣ ያችን የጎደለችውን ኅ አስገባት። «አሁን ተሟላ» አለ። ማክሰኞ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አየችውና ቦታዋን ለቀቀችልኝ። አባ ብላም ጉልበቴን ልትስም ነበር። «ኧረ እኔ ገበሬ ነኝ» ብላት «ትሕትናዎ!» አለችኝ።

ሮብ መድን ቢሮ ሄድሁ። ወረፋው ከክፍሏ ወጥቶ ግቢውን ዞሯል። ከፊቴ ሞላ የሚባለው ልብስ ሰፊ ቆሟል፤ አፉ ከመቀሱ ይብሳል።

«አንቱ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ክርስትና ሊነሳ ነው?»

«ደብተሬን አሳድሼ መጣሁ።»

«አሳድሰው? የት?»

«ደብረ ወርቅ።»

ሞላ ደብተሩን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ ደብተሩን አየው። ከዚያ ወደ ወረፋው ዞሮ «ጎበዝ፣ አባባን አሳልፏቸው፤ ከሳቸው በፊት ማን ይባረካል!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ከት ብሎ ሳቀ፤ መንገዱንም ለቀቀልኝ። እኔም አክብሮት መስሎኝ እያመሰገንሁ ገባሁ።

እድሳቱን የምትሠራው ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ ናት። ለሥራ ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰው አክባሪ ናት። ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ዞር አድርጋ አየችው።

«አባባ፣ ቁርዓኔን ያመጡልኝ ይመስል እንዴት አሳምረውታል! ምንድን ነው?»

«ደብተሬ ነዋ። እንደ ተባልሁት አሳድሻለሁ።»

ከንፈሯን ነከሰች። ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር የምታነሳ መስላ ጎንበስ አለች፤ ቶሎም ቀና አላለች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አባባዬ፣ እድሳት ማለት እኮ የዘንድሮን መዋጮ ከፍለው እኛ ማኅተም ስንመታልዎት ነው። ቆዳ አይደለም።»

«ታዲያ ምቺዋ። ቆዳው ላይ ካማረሽ ቆዳው ላይ ምቺው።»

«ማኅተሙ የሚመታው ፎቶዎና ቁጥርዎ ያለበት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የታለ?»

ገበታውን አሳየኋት። ከገበታው ጋር እንደ ሥጋና ነፍስ የተዋሐደውን። ጥፍሯን ሰዳ ልታስነሳው ሞከረች፤ እምቢ አለ። ቅጠሉን ገለጠች፤ ያችን ቀይ ኅ አየቻት። አሁን ሳቋ ጠፋ።

«ይህንን ማን ጻፈው?»

«መሪጌታ። ጎድላ ነበር።»

ቀስ ብላ ተነሳችና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። አባልነት የሚቋረጠው፦ አባሉ ሲሞት፤ አካባቢውን ሲለቅ፤ በጊዜው ሳያሳድስ ሲቀር፤ ደብተሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሲሰጥ፤ ደብተሩ ላይ ስርዝ ድልዝ ሲያደርግ። እኔም በልቤ ቆጠርሁ። አላሳደስሁም። ሁለት ቀን ደብረ ወርቅ ነበርሁ። ደብተሬን ለመሪጌታ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ኅ ገብታለች። ከአምስቱ አራቱን በሁለት ቀን አሟልቼ የቀረችኝ ሞት ብቻ ናት፤ እሷም አንጓች ስትሰማ የምትሟላ መሰለኝ።

«ከተቋረጠስ ምን ይሆናል?» አልሁ።

«እንደ አዲስ ይመዘገባሉ። አዲስ የገባ ደግሞ ወዲያው አይታከምም፤ የመቆያ ጊዜ አለው።»

«ለሰኞ አይደርስም?»

«ሰኞ ምን አለ?»

የአንጓችን ነገር ነገርኋት። የሪፈሩን ወረቀት አሳየኋት። አህያዋንም ሳልደብቅ ነገርኋት። ዘይነባ አልሳቀችም። ወረቀቱን አይታ መለሰችልኝና ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «አባባ፣ ገጹ ሳይቀደድ ከገበታው ተነስቶ ቁጥሩና ፎቶው ከታየኝ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ። ከተቀደደ ግን እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። ዓርብ መዝገቡ ይዘጋል» አለችኝ።

ሞላ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ ሲሰማ ኖሯል። ይቀልድብኛል ብዬ ስጠብቅ ኮፍያውን አነሳና «አንቱ፣ እኔ ስፌት መፍታት እችላለሁ፤ ልሞክረው እንዴ?» አለኝ። ሞላ ሱሪ ለማሳጠር የወሰደውን ቁምጣ አድርጎ የሚመልስ ሰው ነው። አመስግኜው ሐሙስ ማለዳ እንደገና ወደ ደብረ ወርቅ ሄድሁ። ለአንጓች «መሪጌታ ረስቶት የቀረ ነገር አለ» አልኋት። ውሸት አይደለም፤ ምን እንደረሳ አልጠየቀችኝምና።

መሪጌታ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ፍታልኝ ነው የምትለኝ?»

«አንዷን ቅጠል ብቻ።»

«እኔ አርባ ዓመት አሰርሁ እንጂ ፈትቼ አላውቅም። ማሰርና መፍታት የካህን ነው፤ እኔ መሪጌታ ነኝ።»

«ታዲያ ካህን ካልሆንህ ምን አሳሰረህ?»

ቅኔ ለቅኔ ሰው መመለስ ለእኔ ብጤ አይቻልም፤ ይህቺ ግን በድንገት አመለጠችኝ። እሱም እኔም ደነገጥን። ቢሆንም አልለዘበም። «ሥራዬን ያበላሸው ሰው ማነው ሲባል እኔው ራሴ ልሆን ነው?» እያለ ሙጫውን፣ ገበታውን፣ መስቀሉን በጣቱ ይዳስሳል። አየሁት፤ የሚወደው ሥራ ነው። እኔም አዘንሁለት። ግን ሰኞ አለች።

«ይሄይስ» አልሁት፤ መሪጌታ ሳልል። «የቆሎ ተማሪ ሳለህ እኛ ደጅ መጥተህ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ስትል ማን ነበር የምትወጣልህ?»

«አንጓች ናት።»

«ደበሎህን ውሻ ሲቀድብህ ማን ነበር የሰፋልህ?»

«አንጓች ናት።»

«ባለፈው ክረምት አህያ ወደ ቤት ጋበዘች።»

መሪጌታ ቀና ብሎ አየኝ። «አህያ?»

«‹ምነው ቆማችሁ› ብላ። እንደ ክቡር እንግዳ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ተነሳ፤ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ጨምቆ ቅጠሉ ላይ አነጠፈው። «የስንዴ ሙጫ በእርጥብ ይለቃል፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ። ተቀመጥን። ጨርቁን አነሳ፣ እንደገና አረጠበ፣ እንደገና አነጠፈ። ቢላዋውን እንደ ምላስ አሹሎ በሥሩ ሰደደ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ እሱም ይዟል፤ በሁለታችን ዕድሜ ትንፋሽ መያዝ ቀላል አይምሰላችሁ። ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ቀስ እያለ ተላቀቀ። ቁጥሩ ደህና ነው። ስሙ ደህና ነው። ፎቶዬም… ፎቶዬ ደህና ነው፤ ብቻ አፍንጫው ገበታው ላይ ቀረ።

«አፍንጫህን ላውጣልህ?» አለኝ ቢላዋውን ይዞ።

«ተወው» አልሁት። «የአንተም ሥራ የአንተ፣ የእኔም አፍንጫ የእኔ፤ እዚያው ይቀመጥ።» ቆዳውን ሳይነካው ቅጠሉን አደረቀልኝ። ስለዚህ ደብተሬ አሁንም ድጉስ ነው፤ ቀይ፣ ባለ መስቀል፣ ባለ አንድ ነጻ ቅጠል።

ዓርብ ስደርስ ዘይነባ እየጠበቀችኝ ነበር። ገጹን ገልጣ አየች። ፎቶዬን አየች። እኔን አየች።

«አባባ፣ አፍንጫዎስ?»

«ይኸው» ብዬ የፊቴን አሳየኋት። «ዋናው ከእኔ ጋር ነው።»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ቀጥላ ሁለተኛውን ቅጠል ገለጠች፤ ያችን ኅ ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። ከግድግዳው ወረቀት ላይም እንደገና አነበበች።

«ስርዝ ድልዝ ነው የሚለው» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምትናገር መስላ። «ስርዝ የተሰረዘ ነው። ድልዝ የተደለዘ ነው። ይህቺ ግን አልተሰረዘችም፤ አልተደለዘችም። ተጨመረች እንጂ።» ቀና ብላ አየችኝና «እርስዎ ደግሞ መሪጌታን ‹ሰላም ትልሃለች› ይበሉልኝ፤ ሌላ ፊደል ግን እንዳይጨምሩ!» አለችኝ። መዋጮዬን ተቀበለችኝና ማኅተሙን አነሳች፤ ቧ! አደረገችው። እኔ በሕይወቴ ከዚያ የሚጥም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ደወልም ቢሆን።

የቤቴን በር ስገባ ደብተሩን እንዳይጠፋ ብዬ የት አኖርሁት መሰላችሁ? ከአልጋው ራስጌ፣ ከአንጓች ውዳሴ ማርያም አጠገብ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ነገር ስጠብቅ ነው የምጥለው። ቅዳሜ ጠዋት አንጓች ጸሎቷን ጨርሳ ስትወጣ ፊቷ በርቷል።

«አንተ፣ ውዳሴ ማርያሜ መዓዛዋ ተለወጠ።»

«እንዴት?»

«አዲስ አዲስ ሸተተኝ። ምልክት ነው። ዓይኔ ሊበራ ነው።»

«አሜን» አልኋት፤ እኔ ሞኙ፣ እኔ አፍንጫ ቢሱ።

እሑድ ሞጣ ገባን፤ የእህቷ ልጅ ቤት አደርን። ሰኞ በጠዋቱ ሆስፒታሉ ደጅ ነበርን። አንጓች ውዳሴ ማርያሟን ከደረቷ ላይ ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ካርድ ክፍል መስኮቱ ጋር ተሰለፍሁ። ተራዬ ሲደርስ ከቦርሳዬ ደብተሬን አወጣሁና በኩራት አስገባሁት። ልጁ ገለጠው፤ ግንባሩን ቋጠረ።

«አባ፣ ይሄ ውዳሴ ማርያም ነው።»

«አዎ…» አልሁ፤ ከዚያ ሰማሁት። «ምን?»

«የመድን ደብተር ነው የጠየቅሁዎት።»

ከኋላዬ የቆመች አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ሴት «ይቀበሏቸዋ!» አለች። «ከእመቤቴ የሚበልጥ መድን ከየት ሊመጣ ነው?»

«እኔማ አምናለሁ እናቴ፤ ኮምፒውተሩ ነው እምቢ የሚለኝ» አለ ልጁ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «አባ፣ ለዓይን ቀዶ ሕክምና እስከ አራት ሰዓት ያልተመዘገበ ለሌላ ጊዜ ነው የሚተላለፈው። ቢፈጥኑ።»

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር። ደብተሩ ቢቸና ከአልጋ ራስጌ ቀረ ማለት ነው። በሚኒባስ ሄጄ እስክመለስ ከሰዓት ይሆናል። ቦርሳዬን መሬት ላይ ገለበጥሁት፦ ሁለት ነጠላ ጫማ፣ ቆሎ፣ የአንጓች ቅያሪ ቀሚስ፣ የሪፈር ወረቀት፣ ደግሞም ቆሎ። ኪሴን ገለበጥሁ። ኮቴን ገለበጥሁ። ኮፍያዬንም ገለበጥሁ፤ ደብተር ኮፍያ ውስጥ አይገባም፤ የተጨነቀ ሰው ግን ይገለብጣል። ዘይነባ፣ መሪጌታ፣ ያ ሁሉ እርጥብ ጨርቅ፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ፤ ሁሉም ለከንቱ። ከሁሉም ይልቅ ያቺ ዓይነ ስውር ሆና «ብርሃኑ ነው» የምትል ሴት እዚያ አግዳሚው ላይ ተስፋ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነህ ነው የምትንቆራጠጠው?» አለችኝ፤ አታይም፣ እግሬን ግን ትሰማዋለች።

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ቆሎ አይረግጥም። ና፣ እስቲ ተሳለማት፤ ልብህ ይረጋል።»

መጽሐፏን ዘረጋችልኝ። እኔም ምን አማራጭ አለኝ፤ ጎንበስ ብዬ ተሳለምሁ። ያን ጊዜ አፍንጫዬን፣ ዋናውን፣ አንድ ነገር መታው፦ አዲስ የፍየል ቆዳ፣ አዲስ የስንዴ ሙጫ። ደገምሁ። ሦስተኛም ተሳለምሁ። እንባዬ መጣ።

«እንዲህ ከልብህ ስትሳለም አይቼህ አላውቅም» አለች አንጓች፣ ተደስታ።

«እስቲ አንድ ጊዜ አውሺኝ፤ ሄጄ… እዚያ ጥግ ልጸልይ» አልሁ። ጥጉ የካርዱ መስኮት ነበር። ልጁ ገለጠ፤ ቁጥሩን አየ፤ ማኅተሙን አየ፤ ፎቶውን አየ። «አባ፣ አፍንጫ…»

«ዓርብ ተፈቅዷል!» ብዬ ጮኽሁበት። ሳቀና መዘገበን። ውዳሴ ማርያሙን ለአንጓች በእጇ አስጨበጥኋት፤ ስለ መለዋወጡ ግን ትንፍሽ አላልሁም። ያለጊዜው የተናገሩት እውነት ከውሸት አይሻልም፤ ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፣ ለራሴ እንዲመቸኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሞራው ተገፈፈላት፤ ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ነርስ ፋሻውን ፈታች። አንጓች ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ጨፈነች። መስኮቱን አየች። ነርሷን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ ረጅም ጊዜ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አረጀህሳ!»

«ሁለት ዓመት ሳታዪኝ ቆየሽ እኮ።»

«ሁለት ዓመት እንዲህ አያስረጅም፤ ምን ሠራህ?» አለች። ነርሷ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ አንጓች ትራሷ አጠገብ የነበሩትን ሁለት ቀይ መጻሕፍት አየቻቸው። አንዱን አነሳች፤ ገለጠች፤ እመቤታችን ናት። ሌላውን አነሳች፤ ገለጠች።

እኔ ወደ በሩ ፈቀቅ አልሁ።

ፎቶዬን ወደ ዓይኗ አቀረበችው፤ አራቀችው። እኔን አየች። ቆዳውን አሸተተች። ምን እንደሆነ ሲገባት በፊቷ ላይ ደረጃ በደረጃ አየሁት።

«ቅዳሜ ጠዋት…» አለች።

«አዎ።»

«እሑድም…»

«አዎ።»

«ሰኞም። ሦስት ሦስት ጊዜ።» ቁጣዋን ጠበቅሁ። እሷ ግን ጣቷን ፎቶው ላይ፣ አፍንጫው በነበረበት ላይ አሳለፈችና ፊቷ በሀፍረት ቀላ። «አንተ… አፍንጫህን ተሳልሜ ጨረስሁት?»

ነገሩን ከሥሩ ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ መሪጌታ፣ ሙጫ፣ ገበታ። ከዚያ አየኋት። አርባ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር አንጓች ስማኝ እንደሆነ አላስታውስም፤ በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፣ አይደረግምም ይመስለኛል። ዝም ብዬ አፌን ዘጋሁ።

«አዎ» አልኋት። «ጨረስሽው።»

እንዲህ ስቃ አታውቅም። ነርሷ ስፌቱ እንዳይፈታ ብላ ለመነቻት።

አሁን በሰላም ነን። አህያዋም ደጃፍ ላይ ስትቆም «ሂጂ ወዲያ!» ትባላለች፤ ግራ ተጋብታለች። ዘይነባ ለሚቀጥለው ዓመት እድሳት አዲስ ፎቶ እንዳመጣ ነግራኛለች፤ ይህኛው እንደገና አይሄድም ብላለች። ለአንጓች ይህን ስነግራት ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ ከውዳሴ ማርያሟ ጎን አስቀመጠችው። «ማኅተሙን ያድሱልህ» አለች። «ፎቶውን ግን ማንም አያድስብኝም።»